ለፎቶ ጉዞ ወደ ውጭ ሀገር፦ የት ልሂድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ የወራቱ ስም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መድረሻ ስመርጥ ከምን ልጀምር?

ከፎቶው ይጀምሩ፤ ሀገሩ ይከተላል። ይዘው መመለስ የሚፈልጉትን አንድ ፎቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «መልክዓ ምድር» ወይም «ባህል» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ የትም ሊሆን ይችላልና። «ሰማዩ እንደ መስታወት የተንጸባረቀበት ሜዳ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ቦታውንም ወሩንም አጥብቦታል።

የቦሊቪያን የጨው ሜዳ፣ ሳላር ደ ኡዩኒን እንውሰድ። ስፋቱ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታው 3,650 ሜትር ገደማ ነው። መስታወት የሚሆነው ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ ዝናብ ጥሎ ጨዉ ላይ ስስ ውኃ ሲተኛ ነው። ከሜይ እስከ ኖቬምበር የሄደ ሰው የሚያገኘው ባለ ስድስት ጎን እየሆነ የተሰነጣጠቀ ደረቅ ነጭ ወለል ነው። እሱም ግሩም ነው፤ ግን ሌላ ፎቶ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ሜዳው መሃል ወዳለችው፣ ቁልቋል ወደሞላባት የኢንካዋሲ ደሴት መኪና አይደርስም። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ እፈልጋለሁ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ አንዱን ያጣል።

የፎቶ ጉዞ ከተራ ሽርሽር በምን ይለያል?

በሰዓቱና በማደሪያው። ሽርሽር የወጣ ሰው ቁርሱን በልቶ ይነሣል፤ ለፎቶ የሄደ ሰው ቁርስ በሚቀርብበት ሰዓት ዋና ሥራውን ጨርሷል። ስለዚህ የሆቴሉ ኮከብ ሳይሆን ከሆቴሉ እስከ ቦታው ያለው መንገድ ነው የሚታየው። ቁርስ በመያዣ አስቀድሞ ማሰናዳት ይችሉ እንደሆነ ሳይጠይቁ ክፍል አይያዙ።

ይህ የት እንደሚያደርስ በናሚቢያው ዴድቭሌይ ይታያል። ፎቶውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፦ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ደርቀው የቀሩ ጥቁር የግራር ግንዶች በነጭ ሸክላ ወለል ላይ ቆመዋል፤ ከጀርባቸው ብርቱካናማ የአሸዋ ተራራ አለ። ይህ የሚገኘው ፀሐይ የአሸዋውን ተራራ አብርታ ወለሉ ገና ጥላ ውስጥ ሳለ ነው። ጥላው ቀስ እያለ በወለሉ ላይ ያፈገፍጋል፤ ብርሃኑ ግንዶቹ ጋ ሲደርስ ጥቁረታቸው ይደበዝዛል፤ ነጩም ዓይን ይወጋል። ከሴስሪየም በር እስከዚያ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር አሸዋ ስለሆነ ፎር ዊል መኪና ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። የውጪው በር የሚከፈተው ፀሐይ ስትወጣ ነው። በፓርኩ ውስጥ ላደረ ግን የውስጠኛው በር አንድ ሰዓት ቀድሞ ይከፈትለታል። ከበሩ ውጭ ምቹ ሎጅ ይዞ ያደረ ሰው ሲደርስ ጥላው አልቋል፤ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የመጣበትን ፎቶ በማደሪያው ምርጫ አጣው ማለት ነው።

ጀማሪ ነኝ። ምን ዓይነት ቦታ ይሻለኛል?

በእግር የሚዞሩት፣ ውኃ ያለበት አሮጌ ከተማ። ቀን ብርሃኑ ቢከፋ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይገባሉ፤ ቢዘንብ ድንጋዩ ያንጸባርቃል፤ ሌሊት መብራት አለ። አንድ መካከለኛ ሌንስ ይበቃል። የዱር አራዊትና የሰሜን ብርሃን (በዋልታ አካባቢ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን) ለመጀመሪያ ጉዞ አይመከሩም፤ አንዱ ረጅም ሌንስ፣ ሌላው ትዕግሥትና ዕድል ይጠይቃል፤ ካሜራውን በጨለማ እየዳሰሱ መማርም አያስደስትም።

የጣሊያኗ ቬኒስ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ግን በአውሮፓ በጋ፣ ከጁን እስከ ኦገስት አይሁን። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ጭጋግ ይበዛል፤ ከካርኒቫሉ ሰሞን በቀር ሰውም ይቀንሳል። ማደሪያዎን ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ አጠገብ ቢያደርጉ ጎህ ሳይቀድ ጎንዶላዎቹ ከታሰሩበት ይደርሳሉ። እዚያ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ ካሜራው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ቢሆንም ጀልባዎቹ ይወዛወዛሉ። ሹተሩ (ካሜራው ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ግማሽ ሰከንድ ከሆነ ተንቀሳቅሰው የተበላሹ ይመስላሉ፤ 10 ወይም 20 ሰከንድ ቢያደርጉት ግን ውዝዋዜው ራሱ ለስላሳ ቅርጽ ይሆናል። ወይ በጣም ያሳጥሩት፣ ወይ በጣም ያስረዝሙት።

ስንት ቀን ያስፈልገኛል? በስንት ቦታስ ላካፍለው?

ስህተቱ ሁልጊዜ ቦታ ማብዛት ነው። ስሌቱን እንየው። በመረጡት ቦታና ወር ከሦስት ማለዳ አንዱ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል እንበል። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ዕድሉ 33 በመቶ ነው። ሁለት ማለዳ የጠበቀ 56፣ ሦስት የጠበቀ 70፣ አራት የጠበቀ 80 በመቶ ይደርሳል። አምስተኛው ማለዳ የሚጨምረው ከ7 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ለዋናው ቦታ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ይስጡ።

አሥር ቀን ያለው ሰው ሁለት ማደሪያ ይበቃዋል፤ ሦስት ጣሪያው ነው። ማደሪያ በተለወጠ ቁጥር አንድ ምሽት፣ አንዳንዴም አንድ ማለዳ፣ መኪና ውስጥ ያልቃል። የደረሱበትን ዕለት ምሽት ከፎቶ ቁጥር አያስገቡት፤ መቆሚያ መፈለጊያ ነው። በጨለማ የሚመጡበትን መንገድ በቀን አንድ ጊዜ መርገጥ ያስፈልጋል።

ወርቃማው ሰዓት የሚባለው ብርሃን የትም ቦታ እኩል ነው?

አይደለም፤ ፀሐይ ወደ አድማስ ስትቀርብ የሚገኘው ይህ ሞቃት ብርሃን በብዙ ቦታ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትጓዛለች። በምድር ወገብ አካባቢ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ላይ ሆና ለመጥለቅ 24 ደቂቃ ይበቃታል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የቆመ ሰው ግን በሰያፍ ስትወርድ ያያታል፤ ያው 6 ዲግሪ 48 ደቂቃ ይፈጅባታል። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሞቃት ሀገር ከሄዱ ለአንድ ምሽት አንድ ፎቶ ያስቡ፤ ቦታውም ከዋዜማው ተመርጦ ይደር። ሰሜን ከሄዱ መቆሚያ ሁለቴ ሦስቴ ለመለወጥ ጊዜ አለ።

አይስላንድ ጽንፉን ታሳያለች። በዲሴምበር መጨረሻ ሬይክያቪክ ላይ ፀሐይ ከአድማስ 3 ዲግሪ ከፍ ሳትል ነው የምትመለሰው። ቀኑ አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሰማይ ከጠራ ግን አራቱም ሰዓት ወርቅ ነው። በጁን ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጠልቃ ከሦስት ሰዓት በታች ቆይታ ትወጣለች፤ ሰማዩ ጨርሶ አይጨልምም። የጁን ተጓዥ ቀን ተኝቶ ሌሊት ይሠራል፤ ይህን ከአብረው ተጓዦች ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። ወደ መሃል ሀገሩ የሚወስዱት «ኤፍ» የተባሉት ተራራማ መንገዶችም በጁን አጋማሽ ግድም ተከፍተው በሴፕቴምበር ግድም ይዘጋሉ፤ ያለ ፎር ዊል መኪና አይፈቀዱም። ሰው በማርች ቲኬት ቆርጦ የደጋ ፎቶ ሲጠብቅ የሚያዝነው በዚህ ነው።

አበባውን፣ የመጸው ቅጠሉን ወይም የእንስሳቱን ፍልሰት ሳያልፍብኝ እንዴት እደርሳለሁ?

አንድ ቀን ሳይሆን መስኮት፣ ማለትም የተወሰኑ ቀናት ክልል ይያዙ፤ ማምለጫም ያዘጋጁ። ኪዮቶና ቶኪዮ ላይ የቼሪ አበባ የሚፈነዳው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው፤ ሙሉ ሆኖ የሚቆየው ግን ሳምንት ያህል ነው፤ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ያረግፈዋል። ማምለጫው ከፍታ ነው። ቆላው ሲረግፍ ተራራው ላይ ገና ይፈነዳል፤ ስለዚህ በባቡር አንድ ሁለት ሰዓት ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ካለ የአንድ ሳምንቱን መስኮት ሁለት ያደርገዋል። ፈረንሳይ ቫላንሶል ሜዳ ላይ ያለው ላቬንደር ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ አጫጆች ይደርሱበታል። አንዱ ማሳ ታጭዶ ጎረቤቱ ሊቆም ስለሚችል አንድ ማሳ ብቻ አልመው አይሂዱ።

በታንዛንያው ሴሬንጌቲ ፓርክ ላይ ስህተቱ የወር ብቻ አይደለም፤ የአቅጣጫም ነው። ዋይልድቢስቶቹ (በመንጋ የሚፈልሱት ትልልቅ ቀንዳም የዱር እንስሳት) ከጃንዋሪ እስከ ማርች ደቡብ ሜዳው ላይ፣ ንዱቱ አካባቢ ይወልዳሉ። የማራን ወንዝ የሚሻገሩት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ሰሜን ላይ ነው። በኦገስት ደቡብ ላይ ያረፈ ሰው ሣር ያያል። መሻገሪያው ዳር ሙሉ ቀን ቆሞ መንጋው ሐሳቡን ሲለውጥ ማየትም አለ፤ ከላይ ያለው የማለዳ ስሌት እዚህም ይሠራል።

አንድ ብዙዎች የማይጠይቁት ነገር አለ፦ ውበቱ ሲደርስ አገልግሎቱ ክፍት ነው? በጣሊያን ዶሎማይት ተራሮች ላርች የተባሉት ዛፎች ወርቅ የሚሆኑት በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ብዙዎቹ የተራራ ላይ ገመድ መኪናዎችና ማረፊያዎች ግን በዚያው ሰሞን ለበረዶው ወቅት እስኪዘጋጁ ይዘጋሉ። ፎቶው አለ፣ መውጫው የለም፤ ወይ በእግር ይወጣሉ፣ ወይ በመኪና የሚደረስበትን ሸለቆ ይመርጣሉ።

ቱሪስት በሚቀንስበት ወቅት ብሄድ አያዋጣም?

ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ምክንያቱን ግን ይጠይቁ። ሰው የቀነሰው ዝናብ ስላለ ብቻ ከሆነ ዕድል ነው፤ ዳመናና ነጎድጓድ ሰማይ ይሰጣል። ሰው የቀነሰው ምንም ስለማይታይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰሜን ታይላንድ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል ማሳና ጫካ ስለሚቃጠል ጭሱ ተራራውን ይውጣል፤ በሕንድ አግራ ላይ ዲሴምበር መጨረሻና ጃንዋሪ ላይ ጭጋጉ ታጅ ማሃልን እስከ ረፋድ ሊሰውረው ይችላል። ፓታጎንያ ደግሞ ተቃራኒውን ታስተምራለች። በቺሊው ቶሬስ ዴል ፓይኔ ፓርክ ነፋሱ የሚበረታው ሰው በሚበዛበት በደቡቡ በጋ (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ሲሆን፣ ኤፕሪል ላይ ነፋሱም ሰዉም ይቀንሳል፤ ደኑም ይቀላል።

ሁሉም ሰው ያነሣውን ቦታ መሄድ ምን ይጠቅማል?

ታዋቂ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በምክንያት ነው፤ መሄዱ አያሳፍርም። ከመሄድዎ በፊት ግን ቦታው ወዴት እንደሚያይና ፀሐይ በየት እንደምትመጣ ይፈትሹ። የካምቦዲያው ቤተ መቅደስ አንኮር ዋት ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ኩሬው ዳር የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚያነሣው የማማዎቹን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው፤ የድንጋዩ ፊት ሞቆ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ሄዶ «ፎቶዬ ጨለመ» ይላል፤ ካሜራው ግን ጥፋት የለበትም።

ይህን ለመፈተሽ ፎቶፒልስን የመሰለ መተግበሪያ ይበቃል፦ ቦታውን ካርታው ላይ ይጫኑ፣ ቀኑን ያስገቡ፣ የፀሐይና የጨረቃን መውጫና መግቢያ መስመር ያዩ። ቀጥሎ በጉግል ኧርዝ ከዚያው መቆሚያ ዙሪያውን ይመልከቱ፤ በምሥራቅ ከፍ ያለ ተራራ ካለ ፀሐይ ከተጻፈው ሰዓት ዘግይታ ነው የምትደርሰው። በመጨረሻም በቅርብ ሳምንታት የተነሡ የጎብኚ ፎቶዎችን ይፈልጉ፤ ሕንጻው በእድሳት መወጣጫ ተሸፍኖ እንደሆነ የሚነግርዎ እሱ ነው።

የሰሜን ብርሃንንና ፍኖተ ሐሊብን (ሚልኪ ዌይን) በአንድ ጉዞ ማንሣት ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም። የሰሜን ብርሃን ከሴፕቴምበር እስከ ማርች፣ የኖርዌይዋን ትሮምሶን በመሳሰሉ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ባሉ ቦታዎች ይፈለጋል። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ መጨረሻ እዚያ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ብርሃኑ ቢኖርም አይታይም። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መሃል ግን ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትክክል ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) 29 ዲግሪ ወደ ደቡብ ነው ያለው። ሂሳቡን ሲሠሩት 60 ዲግሪ ሰሜን ላይ ለቆመ ሰው ከአድማስ 1 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ትሮምሶ ላይ ጨርሶ አይወጣም። በናሚቢያና በቺሊው አታካማ በረሃ ግን ከአናት በላይ ያልፋል፤ በጁንና በጁላይ ሌሊቱን ሙሉ ማለት ይቻላል።

ለፍኖተ ሐሊብ ጨረቃ ከተወለደችበት ቀን ግራና ቀኝ አምስት ቀን ይያዙ። ሹተሩን ለመገመት 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ 25 ሰከንድ። ፒክስል በበዛባቸው አዳዲስ ካሜራዎች ይህ ስለሚረዝም ግማሹን ያድርጉት፤ ካልሆነ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ጭረት ይሆናል። ለሰሜን ብርሃን ጨረቃ ጠላት አይደለችም፤ በረዶውን ታበራለታለች።

የባሕር ዳርቻ ከሆነ ሌላ የማየው ነገር አለ?

የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ። የፈረንሳዩን ሞን ሳን ሚሼል በውኃ ተከቦ ማንሣት የፈለገ ሰው የትኛውም ቀን አይሆንለትም። ሀገሪቱ የባሕሩን ሙላት ከ20 እስከ 120 በሚደርስ ቁጥር ትለካለች፤ ኮረብታው ደሴት የሚሆነው ቁጥሩ 110 ግድም ሲያልፍ ነው፤ ይህም በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ከፍተኛው ሙላት ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም ከተወለደች አንድ ሁለት ቀን በኋላ ይመጣል።

የአይስላንዱ ሬይኒስፍያራ ጥቁር አሸዋ ላይ ደግሞ ጀርባዎን ለባሕሩ አይስጡ። ትንንሽ ሞገዶች ከተከታተሉ በኋላ አንድ ትልቅ ሞገድ ሳይታሰብ ሩቅ ዘልቆ ይመጣል፤ ሰው የወሰደበት ጊዜ አለ። ትራይፖድ አጭር አድርገው ውኃ ዳር የተንበረከኩ ፎቶ አንሺዎች ለመነሣት ጊዜ አያገኙም።

ያለኝ ሌንስ ለመረጥኩት ቦታ ይበቃል?

ለከተማና ለመልክዓ ምድር አዎ፤ ለአራዊት ደንቡን አንብበው ይወስኑ። በኖርዌይ የአርክቲክ ደሴቶች በስቫልባርድ ከ2025 ጀምሮ ወደ ዋልታ ድብ ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል ነው፤ ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ደግሞ ርቀቱ 500 ሜትር ነው። በዚያ ርቀት 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ ድቡን ሰፊ በረዶ ውስጥ ያለ ትንሽ ነገር ያደርገዋል። የድብ ፊት ከሆነ የሚፈልጉት ቦታው ይህ አይደለም፤ ድብ የሚታይበት ሰፊ መልክዓ ምድር ከሆነ ግን የተመቸ ነው።

የሩዋንዳና የኡጋንዳ ተራራ ጎሪላ ተቃራኒው ነው። ርቀቱ አጭር ነው፤ ችግሩ ጨለማው ነው። በቀን አንድን ቤተሰብ የሚጎበኘው ቡድን ከስምንት ሰው አይበልጥም፤ ጊዜውም አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ፍላሽ አይፈቀድም። ብርሃን ማስገቢያውን በሰፊው፣ እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፍት ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከትልቁ ሌንስ ይበልጣል። ካሜራው ጥቁሩን ጸጉር ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፤ ጸጉሩ ግራጫ ሆኖ ከጀርባው ያለው ቅጠል ይነጣል። ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (የካሜራው የብርሃን መለኪያ) ይቀንሱ። በረዶ ላይ ግን በተቃራኒው ከ1 እስከ 1.7 ይጨምሩ።

ክብደትም ይገድባል። በኬንያና በታንዛንያ ወደ ፓርኮች የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች በተለምዶ የሚፈቅዱት ካሜራን ጨምሮ 15 ኪሎ፣ ያውም ለስላሳ ቦርሳ ነው። ጎማ ያለው ጠንካራ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አይገባም። ትልቅ ሌንስ የያዘ ሰው ልብስ ይቀንሳል፤ ወይም ለተጨማሪ ወንበር ይከፍላል።

ትራይፖድና ድሮን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ትራይፖድ ሀገር ያስገባል፤ ታሪካዊ ቦታ ግን ላያስገባ ይችላል። ታጅ ማሃል ትራይፖድ አያስገባም፤ ዓርብ ደግሞ ለጎብኚ ዝግ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከሆነ ከግቢው ውጭ የሚታይበትን ይፈልጉ፤ ለታጅ ማሃል ከያሙና ወንዝ ማዶ ያለው መህታብ ባግ አለ። ውስጥ ለሚነሣው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ማንሣት ነው።

ድሮን መድረሻ ሊያስቀይር ይገባል፤ ከደረሱ በኋላ የሚጣራ አይደለም። ሞሮኮ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ጉምሩክ ላይ ይያዛል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ ማብረር ክልክል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ድሮኑ ከ250 ግራም ቢያንስም ካሜራ ካለው ባለቤቱ መመዝገብ አለበት፤ አንድ ሀገር የተመዘገበ በሌሎቹም ይሠራለታል፤ ከፍታው ከ120 ሜትር አይለፍ። ጉዞው ሦስት ሀገር ከሆነና አንዱ ድሮን የሚከለክል ከሆነ ድሮኑ ቤት ይቅር።

ሰዎችን ለማንሣት የምሄድ ከሆነስ?

ሕጉንም ሥርዓቱንም ለየብቻ ይመልከቱ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሰውን ያለ ፈቃዱ አንሥቶ ማሰራጨት ያስከስሳል። ኪዮቶ ጊዮን ሠፈር የግል በሆኑት ጠባብ መንገዶች ፎቶ ማንሣት ተከልክሏል፤ የ10,000 የን ቅጣት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። መነሻው ጎብኚዎች ጌይሻዎችን (በባህላዊ ልብስ እንግዳ የሚያስተናግዱና የሚያዝናኑ ሴቶችን) እየተከተሉ ማስቸገራቸው ነው። ወታደር፣ ኬላ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ድልድይ በብዙ ሀገር አይነሡም።

ገበያና ወደብ ከአደባባይ ይሻላሉ፤ ሰው በሥራው ላይ ሲሆን ካሜራውን ቶሎ ይረሳዋል። በቋንቋው ሰላምታ፣ «ላንሣዎት?» እና «አመሰግናለሁ» የሚሉትን ሦስት ነገሮች ይማሩ፤ ያነሡትንም ያሳዩ። በማግሥቱ ተመልሶ የሄደ ሰው ከመጀመሪያው ቀን የተሻለ ፎቶ ያገኛል፤ ቦታ አታብዙ የምንለው ለዚህም ነው።

ፎቶውን ለመሸጥ ካሰቡ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የአይፍል ማማን ቀን አንሥቶ መሸጥ ችግር የለውም፤ የሌሊት መብራቱ ግን በቅጂ መብት የተጠበቀ ስለሆነ ለንግድ ሲውል ፈቃድ ይጠየቃል።

ብዙ ዕቃ ይዤ ስገባ ጉምሩክ ያስቸግረኛል? ባትሪውስ?

አንድ ሁለት ካሜራና ጥቂት ሌንስ የያዘ ጎብኚ ብዙ አይጠየቅም። መብራት፣ ማይክሮፎንና ሦስት አራት ካሜራ ሲደመር ግን የንግድ ወይም የጋዜጠኛ ሥራ ይመስላል፤ የቱሪስት ቪዛም አይበቃ ይሆናል። የዕቃዎቹን ስምና መለያ ቁጥር የያዘ ዝርዝር ከደረሰኞቹ ጋር ይያዙ፤ ከመነሻ ሀገርዎ ሲወጡ ጉምሩክ ላይ ያስመዝግቡት። አለዚያ ሲመለሱ እንደ አዲስ ግዢ ሊቀረጥ ይችላል።

ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚሄደው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ይወጣል። ገደቡ በዋት ሰዓት ነው፤ ሚሊ አምፒር ሰዓቱን ለ1,000 አካፍለው በቮልቱ ያባዙት። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 3.7 ቮልት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከ100 በታች በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በላይ አይጫንም። የብዛቱን ገደብ አየር መንገዱን ይጠይቁ። የባትሪዎቹን ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑ።

በተደራጀ የፎቶ ቡድን ልሂድ ወይስ ለብቻዬ?

ቋንቋው፣ መንገዱ ወይም ፈቃዱ ከባድ በሆነበት በቡድን፤ በተመቸ ከተማ ለብቻ። አዘጋጁን ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። በአንድ መኪና ስንት ሰው ይቀመጣል? ለአራዊት ከሦስት ከበለጠ መሃል የተቀመጠው በሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያነሣው። መሪው ራሱ ፎቶ ያነሣል ወይስ ያግዛል? ዝናብ ቢሆን ፕሮግራሙ ይለወጣል? ሆቴሎቹ በሙሉ ለየሌሊቱ አስቀድመው የተቆረጡ ከሆኑ አይለወጥም፤ ማስታወቂያው ምንም ቢል።

ፎቶ ከማያነሣ ሰው ጋር ነው የምሄደው፤ እንዴት ላድርግ?

ጎህ የእርስዎ፣ ቀኑ የሁለታችሁ ይሁን። ከማደሪያው በእግር የሚደረስ የማለዳ ቦታ ያለበትን ይምረጡ፤ የተኛ ሰው ሳይቀሰቀስ ወጥተው ለቁርስ ይመለሳሉ። ቀን ብርሃኑ ስለሚከፋ ለእርስዎም አይጎዳም። አንድ ሰዓት ሙሉ መኪና ማስነዳት የሚጠይቅ መድረሻ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ አይሆንም።

ሁለት ቦታ እኩል ሆነውብኛል። በምን ልለያቸው?

በወረቀት ላይ ማለዳና ምሽት ይቁጠሩ። አሥር ቀን ሃያ ዕድል ነው፤ አሥር ማለዳ፣ አሥር ምሽት። በረራው የሚበላውን ይቀንሱ፤ ረጅም መንዳት ያለበትን ይቀንሱ፤ ከፍታ ላይ ከሆነ ሰውነት እስኪለምድ ሁለት ቀን ይቀንሱ፤ በሩ ዘግይቶ የሚከፈት ወይም ቀድሞ የሚዘጋ ከሆነ ያንንም ይቀንሱ። ከዚያ የቀረውን በወሩ ጥሩ ሰማይ የመገኘት ግምት ያባዙት። ሩቁ ቦታ 9 ዕድል ቀርቶት ከሦስት አንዱ ቢሳካ 3 ይሆናል፤ ቅርቡ 16 ቀርቶት ከአራት አንዱ ቢሳካ 4። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ፣ ያ መጀመሪያ የጻፉት ዓረፍተ ነገር የየትኛው ቦታ እንደሆነ አንብበው ቲኬቱን ይቁረጡ።